የጋሽ ወንድይራድና የአንጎሉ ሽምግልና

ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ የጋሽ ወንድይራድ አንጎል ቤቴ መጣና ከጋሽ ወንድይራድ ጋር መጣላቱን ነገረኝ። የመጣው ሽማግሌ እንድሆነው ነው።

የደብረ ብርሃን ጠዋት ስለሚበርድ የጋሽ ወንድይራድን የሱፍ ኮፍያ ደፍቶ ነበር። ኮፍያው ልኩ ነው። አንጎሉ አንድ መካከለኛ ጥቅል ጎመን ያህላል፤ መልኩ ወደ አመድማ ያደላል፤ እግር ስለሌለው እንደ ቀንድ አውጣ እየተንሸራተተ ይሄዳል። ከእነሱ ግቢ እስከ እኔ ግቢ ሁለት መቶ ሜትር ነው። ጎህ ሲቀድ መነሣቱንና መንገድ ላይ ሁለት ሰዎች እንዴት አደርክ እንዳሉት ነገረኝ።

ከጋሽ ወንድይራድ ጋር በአንድ ቀን ስለተወለደ ዕድሜው ሰባ አራት ነው። እኔ ስልሳ ዘጠኝ ነኝ። ስለዚህ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ተቀበልኩት፤ ሶፋው ላይም ትራስ አድርጌ አስቀመጥኩት።

“አቶ ላቀው” አለኝ፣ “ከሬዲዮው ትንሽ ራቅ ቢያደርጉኝ። የመጣብኝ ሁሉ ከሬዲዮ ነው የመጣው።”

ራቅ አደረግኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአራት ወር በፊት የቅዳሜው የጤና ዝግጅት ላይ፣ በመጠኑ የሚጠጡ አረጋውያን ጨርሶ ከማይጠጡት ይልቅ አእምሯቸው ንቁ ሆኖ ተገኝቷል ተባለ። ጋሽ ወንድይራድ ይህን የሰማው አረቄ እየጠጣ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ የሚጠጣው ለብርዱ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ለአንጎሉ ሆነ።

“መለኪያውን ባነሣ ቁጥር ‘ይቺ ለአንጎሌ’ ይላል” አለኝ አንጎሉ። “አብረውት የሚቀመጡት ሁሉ እኔን ማመስገን ጀመሩ። ማን ጠየቀኝ አቶ ላቀው?”

“ከሦስት ሳምንት በኋላ በዚያው ሬዲዮ ሌላ ጥናት ተነግሮ ነበር” አልኩት። “አንድ ጠብታም አይበጅም የሚል።”

“ያን ጊዜ ሬዲዮውን አጠፋው። እኔ ግን ሳያጠፋው በፊት መጀመሪያውን ሰምቼ ነበር።”

“ስንት ይጠጣል?”

“በመጠኑ።”

“መጠኑ ስንት ነው?”

“እሱን ነው የማላውቀው። እኔ ነኝ የምቆጥረው፤ ሁለት ድረስ እቆጥራለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ቁጥር እምቢ ይለኛል።”

ከዚያ የጠፋበትን ነገር ዘረዘረልኝ። የአንደኛ ክፍል መምህሩ ስም ሄዷል። ጃንጥላ እንዴት እንደሚታጠፍ ሄዷል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሐሙስ ሄደ።

“ሐሙስ እንዴት ይሄዳል?”

“እንጃ። ከረቡዕ ቀጥታ ዓርብ ነው የምገባው።”

ይህን ሁሉ ችሎ ኖሮ ነበር። ያልቻለው የእሑዱን ነው። የጋሽ ወንድይራድ የመጨረሻ ልጅ ምንታምር፣ የባዮሎጂ መምህርት፣ ጌዲዮን ለሚባል የእንስሳት ሐኪም ልትሰጥ ነው። እሑድ የልጁ ወገኖች ይመጡና ሰባት ቤት ይቆጠራል። በሁለቱም በኩል እስከ ሰባተኛው አባት ድረስ ስም በስም ተጠርቶ፣ አንድም የጋራ አያት ካልተገኘ ጋብቻው ይጸናል። ካልተቆጠረ አይጸናም። በዚያ ቤት የሰባቱን አባቶች ስም የሚያውቅ ከጋሽ ወንድይራድ በቀር በሕይወት የለም። ጻፈው ሲባል “ወረቀት ይጠፋል፤ እኔ ግን ሁልጊዜ ቤት ነኝ” ይል ነበር።

“ስድስቱ ደህና ናቸው” አለኝ አንጎሉ። “ሰባተኛው ግን ጫፍ ላይ ነው ያለው። አንድ ሁለት መለኪያ ቢጨመርበት ይወድቃል።”

ከዚያ ሰባቱንም አንድ በአንድ ቆጠረልኝ። ሰማሁ። ጥሩ ስሞች ናቸው። የሽምግልና ነገር ስለማይጻፍ አልጻፍኳቸውም።

አንጎሉን ሶፋው ላይ ትቼ ወደ ጋሽ ወንድይራድ ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ እትዬ ዘነቡ ግቢ ውስጥ ልብስ ታሰጣለች።

“ወንድይራድ እንዴት አደረ?”

“ደህና አደረ። ቁርሱንም በልቷል።”

“አንጎሉ እኔ ቤት ነው።”

እትዬ ዘነቡ አንድ ሸሚዝ ገመዱ ላይ አስተካክላ አሰጣች። “ለዚህ ነው እንዴ ዛሬ ሳይቆጣ የተነሣው” አለች።

ጋሽ ወንድይራድ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። መልኩ እንደ ወትሮው ነው። ምንታምር አጠገቡ ቁጭ ብላ እንዲቆጥር ጠየቀችው። ጋሽ ወንድይራድ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው። ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ፦

“ወንድይራድ፣ ሽብሩ፣ ጫጫ፣ ሸኖ፣ አሌልቱ፣ ሰንዳፋ፣ ለገጣፎ።”

ቆጠርኩ። ሰባት ናቸው።

“ለገጣፎ ቅድመ አያቴ አይደለም” አለች ምንታምር።

“ከሆነም ከብዙ ሰው ጋር ነው የምትዛመዱት” አልኳት። “ጌዲዮን ሊወድቅበት ይችላል።”

ምንታምር አባቷን ለረጅም ጊዜ አየችው። ኮሌታውን አቃናችለት። “እኔ ለተማሪዎቼ ያለ አንጎል መኖር አይቻልም ብዬ ነው የማስተምረው ጋሼ” አለችኝ። “ሰኞ ምን ልበላቸው?”

በማግስቱ ጋሽ ወንድይራድ በሰፈሩ ስብሰባ ላይ ተገኝቶ ሁለት ጊዜ እጁን አውጥቶ አስተያየት ሰጠ። ተጨበጨበለት። በተወካይነት ይመረጥ ተብሎ ሐሳብ ቀርቦ ተደግፏል።

ሽምግልናው ዓርብ ከቀትር በኋላ እኔ ቤት ተደረገ። ሽማግሌዎቹ ሦስት ነን፦ እኔ፣ መምሬ ኅሩይ እና ጡረታ የወጣው ሃምሳ አለቃ ደምሰው። ጋሽ ወንድይራድ በአንድ በኩል፣ አንጎሉ በሌላ በኩል ተቀመጡ። ፊት ለፊት እንዲተያዩ አላደረግንም፤ በጠብ መጀመሪያ ላይ ፊት ለፊት አይደረግም። ባለሙያም ይኑር ብለን ከጤና ጣቢያው ሲስተር እልፍነሽን ጠርተናል።

መምሬ ኅሩይ ጸሎት ካደረሱ በኋላ አንጎሉ እንዲናገር ተፈቀደለት። ለእኔ የነገረኝን ደገመ። ሲጨርስ ፍላጎቱን ተጠየቀ።

“አንድም እንዳይቀምስ” አለ።

የጋሽ ወንድይራድ ተራ ደረሰ።

“ጠዋት አንድ ለብርዱ፣ ቀትር አንድ ለምግቡ፣ ማታ አንድ ለእንቅልፉ” አለ። ይህን ለማለት አንጎል አላስፈለገውም።

“ለአንጎሉስ?” አለ ሃምሳ አለቃ ደምሰው።

“እሱ ሄዷል” አለ ጋሽ ወንድይራድ። “ወደ ውስጥ ጠጋ ጠጋ በሉ።”

ጠጋ ጠጋ አልን። ከዚያ ሲስተር እልፍነሽ እንድታስረዳ ተጠየቀች።

“የድሮዎቹ ጥናቶች በመጠኑ የሚጠጡ አረጋውያን ከማይጠጡት ይሻላሉ ይሉ ነበር” አለች። “በኋላ ነገሩ ሲታይ፣ የማይጠጡ ከተባሉት ውስጥ ብዙዎቹ ታመው መጠጥ ያቆሙ ሰዎች ናቸው። ጤነኛውን ከበሽተኛው ጋር ነው ያወዳደሩት። ለይተው እንደገና ሲያዩት ያ ጥቅም አልተገኘም። ስለዚህ ለአንጎሌ ብሎ የሚጠጣ ሰው፣ ለአንጎሉ ብሎ ይተወው።”

“ስለዚህ ያቆሙት ናቸው የታመሙት” አለ ሃምሳ አለቃ።

“ታመው ነው ያቆሙት።”

“እሱን ነው የምልሽ። አቆሙና ታመሙ።”

“ሃምሳ አለቃ፣ መጀመሪያ ታመሙ፣ ቀጥሎ አቆሙ።”

“እሺ ልጄ፣ ቢሆንስ? አላቆሙም ነበር እንዴ?”

በቅደም ተከተሉ ላይ ሩብ ሰዓት ያህል ተነጋገርን። ሲስተር እልፍነሽ ጥሩ ባለሙያ ናት፤ ሽምግልና ግን አታውቅም። ለአንደኛው ወገን ሁሉን ሰጥታ ሌላውን ባዶ እጁን ልትሰደው ነበር። ሽማግሌ ማንንም ባዶ እጁን አይሰድም። አንደኛው ዜሮ ብሏል፣ ሁለተኛው ሦስት ብሏል። ወጣ ብለን ተመካክረን ገባን። ውሳኔው አንድ ተኩል ሆነ።

“ግማሿን ማን ይለካታል?” አለ አንጎሉ።

“እኔ” አለ ሃምሳ አለቃ ደምሰው። እጁ በመንቀጥቀጥ የታወቀ ነው፤ ግን ታማኝ ሰው ነው።

ሲስተር እልፍነሽ ቦርሳዋን አንሥታ ተነሣች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ ለእርቁ የቀረበውን የአረቄ ጠርሙስ፣ ቀጥሎም አንጎሉን አየች። “ያን ነገር እሱ ላይ እንዳታፈሱ” አለች።

“እርቅ ነው ልጄ” አሉ መምሬ ኅሩይ።

እርቅ ያለ መጠጥ አይጸናም፤ ይህን እኛ አላመጣነውም። የታረቁ ሰዎች ከአንድ መለኪያ ይጎነጫሉ። ጋሽ ወንድይራድ ግማሹን ጠጣ። አንጎሉ አፍ ስላልነበረው የቀረውን ግማሽ አናቱ ላይ አፈሰስንለት። እንደ ደረቅ መሬት መጠጠው።



“ይኼ ነው እንዴ?” አለ አንጎሉ።

“ይኼ ነው” አልነው።

“ሰባ አራት ዓመት ሙሉ በጉበት በኩል ዞሮ ነው ሲደርሰኝ የኖረው።”

“እና?”

“ጉበት ሌባ ነው።”

ሃምሳ አለቃ ደምሰው እውነት ነው አለ። አንጎሉ ትንሽ ወደ ግራ ዘመም አለና ትራሱን ተደገፈ። “ለመሆኑ” አለ፣ “ከዚህ ሰውዬ ጋር በምን ነበር የተጣላነው?”

እኛም ከጠርሙሱ ቀምሰን ስለነበር ማናችንም አላስታወስነውም። መምሬ ኅሩይ በሃያ ስምንት ዓመት ሽምግልናቸው እንዲህ ከሥሩ የተነቀለ ጠብ እንዳላዩ ተናገሩ። ተሳስመን ተነሣን። ጋሽ ወንድይራድ አንጎሉን ግንባሩን ሳመው። አንጎሉ የት ነው ግንባሬ አላለም።

የቀረው ወደ ቦታው መመለስ ብቻ ነበር። አንጎሉ ግን እሑድ ጠዋት እገባለሁ አለ። እስከዚያ ትንሽ መናፈስ ፈልጓል።

“የት ነው የሚናፈሱት?” አልኩት።

“እማማ ሸዋዬ ቤት።”

እማማ ሸዋዬ በሰፈራችን አረቄ የሚሸጡ ሴት ናቸው። ውሳኔያችንን መልሰን አየነው። አንድ ተኩሉ የተወሰነው በጋሽ ወንድይራድ ላይ ነው። ስለ አንጎሉ የተባለ ነገር የለም።

ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ጋሽ ወንድይራድ ግቢው በር ላይ ቆሞ ዋለ። የእሱን አንድ ተኩል ጠጥቶ ጨርሷል፤ ያለ አንጎል መጠን መጠበቅ አልከበደውም። መንገደኛውን ሁሉ ስንት ሰዓት ነው እያለ ይጠይቃል። “ቁርሱን ሳይበላ ነው የወጣው” ይላል። “ኮፍያውንም አልያዘም” ይላል። እትዬ ዘነቡ በርጩማ አውጥታ ከኋላው ተቀመጠች።

“ምን ታደርጊያለሽ እትዬ?” አልኳት።

“አያለሁ” አለች። “አርባ ሁለት ዓመት እኔ ቆሜ የጠበቅኩበት ቦታ ላይ ነው የቆመው። ደስ ይላል።”

አሥር ሰዓት ሲሆን ምንታምር ዘንቢል ይዛ አንጎሉን ልታመጣ ተነሣች። አብሬያት ሄድኩ።

እማማ ሸዋዬ ቤት ስንገባ ወንበሮቹ ሁሉ ወደ አንድ ጠረጴዛ ዞረዋል። አንጎሉ ሰሃን ላይ ተቀምጦ ስለ ድሮ ጎማ ጥራት ያስረዳል። ስድስት ሰዎች በጥሞና ያዳምጡታል። ሰሃኑ ጠርዝ ላይ የተደረደሩ ባዶ መለኪያዎች ነበሩ፤ ሁለት ቆጥሬ ተውኩት።

“አባዬ” አለችው ምንታምር። ከዚያ አሰብ አደረገች። “አባዬ ልበልህ?”

“ማን ልትይኝ ኖሯል?”

“ነገ እሑድ ነው።”

“አውቃለሁ። ከቅዳሜ ቀጥሎ ነው የሚመጣው።”

“ሰባቱን ትቆጥራቸዋለህ?”

“አፌ ላይ ናቸው” አለ። አፍ አልነበረውም።

ምንታምር ከፊቱ ተቀመጠች። “ጌዲዮን ደህና ሰው ነው አባዬ” አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። “አጎቱን ታውቀዋለህ፣ አቶ ዘለቀን። አንድ ስም ከጎደለ ምርኩዙን አንሥቶ ነው የሚወጣው። ከወጣ ደግሞ አይመለስም። ጌዲዮንም ከአጎቱ ቃል አይወጣም።”

ሰዎቹ ወንበራቸውን መልሰው አዞሩ።

“አራት ዓመትሽ ሳለ” አለ አንጎሉ፣ “ከአጠገቤ የሞተሩ ክዳን ላይ አስቀምጬሽ ነበር። ክዳኑ ይሞቃል። ስነካሽ ትኩሳት የያዘሽ መሰለኝ። ስልሳ መንገደኛ ይዤ መኪናውን አቁሜ ሸኖ ሐኪም ቤት ወሰድኩሽ።”

“ጫጫ ነው አባዬ።”

“ሸኖ ነው።”

“ጫጫ ነው። ሐኪሙ ብርቱካን ሰጠኝ።”

አንጎሉ አሰበ። ሲያስብ ላዩ ትንሽ ይንቀሳቀሳል። “ብርቱካኑን አላስታውስም” አለ።

ምንታምር ሻርፗን አውልቃ አንጎሉን ጠቀለለችበትና ዘንቢሉ ውስጥ አስቀመጠችው። መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ዘፈነ። ከቤታቸው ሳንደርስ ቆም አለች።

“ጋሼ፣ ረቡዕ ለእርስዎ ሲቆጥር ሰባተኛው ማን ነበር?”

“የሽምግልና ነገር አይደገምም” አልኳት።

ይህ እውነት ነው። በዚያ ሳምንት እኔም በመጠኑ መውሰዴም እውነት ነው።

እሑድ ጠዋት አንጎሉ ወደ ቦታው ሊገባ ሞከረ። አብጦ ስለነበር አልገባም። እትዬ ዘነቡ በቅቤ ሞከረችው። አልሆነም። ስለዚህ ከጋሽ ወንድይራድ ጎን ወንበር ላይ ነጭ ትራስ ተነጥፎለት ተቀመጠ። ምንታምር ጠዋት በውኃ አለቅልቃዋለች፤ ሽታው ግን አልለቀቀውም።

የጌዲዮን ወገኖች አራት ሰዓት ላይ ደረሱ። አጎቱ አቶ ዘለቀ ጋሽ ወንድይራድን አየ፤ ከዚያ ትራሱን አየ።

“የትኛው ነው የሚቆጥረው?”

“ትራሱ ላይ ያሉት” አሉ መምሬ ኅሩይ።

“ይቁጠሩ እንግዲህ” አለ አቶ ዘለቀ። በቅድሚያ ግን የራሱን ወገን ሰባት ስሞች ሳይተነፍስ ጠራ። እንከን አልነበረበትም። ምርኩዙን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ መጠበቅ ጀመረ። ጌዲዮን እጁን የት እንደሚያደርግ አጥቶ አንዴ ኪሱ ይከተዋል፣ አንዴ ያወጣዋል። ምንታምር የጓዳው በር ላይ ቆማለች።

“ወንድይራድ” አለ አንጎሉ።

“አለሁ” አለ ጋሽ ወንድይራድ።

“ሽብሩ።”

በሩ ተከፈተና ሽብሩ ገባ። የሞተው በስልሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ነው። ካፖርቱን እኔም አውቀዋለሁ። እትዬ ዘነቡ አማቷ ስለሆነ ተነሥታ ወንበር ሰጠችው። ሽብሩ ተቀምጦ ዙሪያውን አየና ዓይኑ ትራሱ ላይ አረፈ።

“ይኼ ምንድነው?”

“የልጅዎ አንጎል ነው” አልነው።

“በእናቱ ወገን ነው የወጣው” አለ ሽብሩ።

“ይፍሩ” አለ አንጎሉ። ይፍሩ ገባ። “ድንቁ” አለ። ድንቁ ገባ። ወንበሮቹን ከእድር ተውሰን ስለነበር ችግር አልነበረም። ሃምሳ አለቃ ደምሰው በዝምታው መሐል ጨዋታ ለማምጣት ብሎ፣ በእነሱ ጊዜ እንዴት ይጠጣ እንደነበር ጠየቃቸው።

“እኔ በቀን ከአንድ በላይ አልፌ አላውቅም” አለ ሽብሩ።

“አንድ መለኪያ?”

“አንድ ገንቦ።”

“እኔ በበዓል ቀን ብቻ ነው የምጠጣው” አለ ይፍሩ።

መምሬ ኅሩይ በየትኛው በዓል እንደሆነ ጠየቁት። ይፍሩ ከልደታ ጀምሮ ቀኑን በየቅዱሱ እየጠራ እስከ ሠላሳ ድረስ ቆጠረ። የቀረ ቀን አልነበረም።

“ወሰኔ” አለ አንጎሉ። ድምፁ ትንሽ ደክሟል። ወሰኔ ራሱን በጋቢ ተከናንቦ ገባ፤ ጋቢው በዝናብ ርሷል፣ ውጭ ግን ፀሐይ ነበር። “አውግቸው።” አውግቸው ጎንበስ ብሎ ገባ። ወንበር ቀረበለት። ምን እንደሆነ ስላላወቀው መሬት ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ።

ስድስት ሆኑ።

“ሰባተኛው…” አለ አንጎሉ።

ጠበቅን።

“ሰባተኛው… ጫፍ ላይ ነበር” አለ።

የግድግዳው ሰዓት ይሰማል። አቶ ዘለቀ አንጎሉን አየ። አንጎሉ እኔን አየኝ፤ ዓይን ባይኖረውም ማየቱን አወቅሁ። ቀጥሎ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ኮርኒሱን አየሁ። ኮርኒሱ ላይ ውኃ ያፈሰሰበት ቦታ አለ።

“እንግዲህ ስድስት ነው” አለ አቶ ዘለቀ፣ ምርኩዙንም አነሣ። “እኔ ሰባት አምጥቻለሁ።”

“በስድስት ተኩል እንስማማ” አለ ሃምሳ አለቃ ደምሰው።

“ግማሽ አባት የለም።”

አቶ ዘለቀ ተነሣ። ወገኖቹም ጋቢያቸውን ማስተካከል ጀመሩ። ጌዲዮን ቁጭ ብሎ ቀረ፣ ከዚያ እሱም ቀስ ብሎ ተነሣ። ጋሽ ወንድይራድ “መውረጃ አለ?” አለ።

ምንታምር ከጓዳው በር መጥታ በመካከላችን አለፈችና አውግቸው ፊት ተንበረከከች።

“አባቴ” አለችው፣ “እርስዎ የማን ልጅ ነዎት?”

አውግቸው አያት። ፊቱ በጣም ያረጀ ነው። ይህን ሰው ከጠየቀው ብዙ ዘመን እንደሆነ ያስታውቃል። ፊቱን ወደ ተከፈተው በር አዞረና አፉን ከፈተ። የወጣው የትንሽ ልጅ ድምፅ ነው።

“አባዬ” አለ።

ከሩቅ፣ ከከተማው በስተጀርባ ካለው ሜዳ ማዶ፣ አንድ ድምፅ መለሰ።

“መጣሁ።”

ሁላችንም ሰማነው። አቶ ዘለቀ እግሩን እንዳነሣ ቆሞ ነበር፤ አወረደው። ለትንሽ ጊዜ አሰበና ተመልሶ ተቀመጠ። ምርኩዙን ጉልበቱ ላይ አጋደመ።

“ሲጠሩት አቤት የሚል አባት፣ አባት ነው” አለ። “ሰባት።”

እልል ተባለ። ጌዲዮን እጁን ከኪሱ አወጣና ምንታምርን ከመሬት አነሣት። ምሳ ቀረበ። ሽብሩ፣ ይፍሩ፣ ድንቁና ወሰኔ እህል ቀምሰው መርቀው ሄዱ። አውግቸው ግን አባቴ መጣሁ ብሎኛል አለና ቀረ።

ማክሰኞ ዕለት አንጎሉ እብጠቱ ጎድሎ ወደ ቦታው ገባ። ጋሽ ወንድይራድ ያን ቀን እንደ ድሮው ተቆጣ። ከዚያ ወዲህ አንዲትም አልቀመሰም፤ ሃምሳ አለቃ ደምሰው አንድ ተኩሉን ለክቶ ቢያመጣለት መለሰበት። ሲስተር እልፍነሽን ሰምቶ እንደሆነ ጠየቅኩት። እንዳልሆነ ነገረኝ። የሚመጣው ሰው ሲገባ በደንብ ማየት ይፈልጋል።

ሠርጉ በሦስተኛው ሳምንት ተደረገ፤ ጥሩ ሠርግ ነበር። አውግቸው አሁንም እዚያው መሬቱ ላይ ነው። በየጠዋቱ “አባዬ” ይላል፤ በየጠዋቱ “መጣሁ” ይባላል። በመጀመሪያው ሳምንት ድምፁ ከሜዳው ማዶ ነበር። በሠርጉ ቀን ከወንዙ ወዲህ ሆነ። ባለፈው ዓርብ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ሰማነው፤ በዚያ ቀን በሰፈሩ ያሉ ውሾች ሁሉ ወደ ቤት ገብተው አልወጡም።

ዛሬ ጠዋት ግቢው በር ላይ ደረሰ። ምንታምርና ጌዲዮን፣ እትዬ ዘነቡ፣ ጋሽ ወንድይራድ፣ ሃምሳ አለቃና እኔ ቤት ውስጥ ነበርን። ማታ ስለዘነበ ደጁ ጭቃ ነው። መዝጊያው ተከፈተ፤ እርምጃው በዝግታ ግቢውን አቋርጦ ከቤቱ ደፍ ሥር ቆመ። እግሩን ድንጋዩ ላይ ሲጠርግ ሰማነው። አንዱን ጠረገ። ሁለተኛውን ጠረገ። ሦስተኛውን ጠረገ።

“ምርኩዙ ነው” አለ ሃምሳ አለቃ ደምሰው።

አውግቸው ከተቀመጠበት ወደ ግድግዳው ጥግ ሸሸ። ደጅ ያለው አራተኛውን መጥረግ ጀመረ።